ማምጣት የተውክበት ሳምንት

ጥቅምት 9

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሰነፈ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ፤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጃለሁ። ስልክ ስትሞክሪ መሰንበትሽንም የጎረቤቴ ልጅ ነግራኛለች። ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ዓመት የቄራ መጋዝ ሲጮህበት የኖረ ጆሮ ከእንግዲህ የስልክ ድምፅ አይለይም። እንደ ድሮ ሰው በወረቀት እናውጋ፤ ፖስታ ቤቱም ሥራ ያግኝ።

ስለ ልጅሽ ስለ ድምቡሼ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ለጠየቅሽኝ፣ የለም፤ እኔ ዘንድ በነበረችባቸው ሁለት ዓመታት ጭንቅላቷን የመታት ነገር የለም። አንዴ ከአጥር ወድቃ ክርኗ ተልጦ ነበር፤ እሱንም ያኔውኑ ጽፌልሻለሁ። ኩፍኝ እንኳ ሳይነካት ነው የመለስኩልሽ። አንቺ የልብስ ስፌት ፋብሪካው ማደሪያ ልጅ አያስገባም ብለሽ ስታመጪያት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች። በዘጠኝ ዓመቷ ስትወስጃት የአውቶቡሱን ወንበር ሞልታ ነው የሄደችው። ድምቡሼ የሚለውንም ስም ያወጣችላት ባለቤቴ ናት፣ ነፍሷን ይማርና።

የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ታዝናለች፣ ታለቅሳለች፣ ሥራም ይሰለቻታል። አስተማሪነት ደግሞ ሰው ይጨርሳል። ምናልባት ያልነገረችሽ ሰው ይኖር ይሆናል። የእግሯ ሕመም ቆሞ ከመዋል ነው። ትንሽ ትረፍ።

ወንድምሽ

ኅዳር 20

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔስ ቆሜ እሄዳለሁ።

ያልነገረችሽ ሰው ይኖራል ላልከው፣ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ራሱ ቤት ድረስ ይዟት መጣ። ሰሌዳ ላይ ቁጥር ስትጽፍ መስመሩ ወደ ታች እየወረደ ወደ ታች እየወረደ ከሰሌዳው ወጥቶ ግድግዳው ላይ ደረሰ አለኝ። ተማሪዎቿ መጀመሪያ ስቀው ነበር፤ በኋላ መሳቁን ትተው ዝም አሉ። እኔን ያሳመመኝ ዝም ማለታቸው ነው።

አሁን ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው። እግሬን ይለበልበኛል ትላለች፤ ሳየው ምንም የለበትም። ትናንት ከመኝታ ቤት ስትወጣ በሩን ስታ ትከሻዋን መታች፤ ደግሞ በሩን ይቅርታ ጠየቀችው። ሳቅን። ከዚያ ሳታቋርጥ እየሳቀች አለቀሰች፣ እኔም የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ሥራዬን ወደ ቤት አምጥቻለሁ። የስፌት መኪናዬን ከአልጋዋ አጠገብ አድርጌ ዩኒፎርም እሰፋለሁ።

ሆስፒታል የነርቭ ሐኪሟ ብዙ ጠየቀችኝ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ያውቃል? ደም ወስዳ ታውቃለች? ልጅ ሆና የት ነው ያደገችው? አጎቷ ቤት አልኳት። አጎቷ ምን ይሠራል? የቄራ የእንስሳት ሐኪም ነበር አልኳት። እስክሪብቶዋ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ሁሉ ስለ አንተ ቤት ሆነ። የከብት አንጎል ትበላ ነበር ወይ? አከርካሪ የነካው ሥጋስ? በዚያ ዘመን የሚንገዳገድ ላም አይተህ ታውቃለህ?

እኔ ምን አውቄ እመልሳለሁ። አንተ መልስልኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 11

እህቴ፣

አጭር ስለምጽፍ ይቅርታ፤ ጉንፋን ይዞኛል።

ሐኪሟ የጠረጠረችው የእብድ ላም በሽታ የሚባለውን ነው። ተባይ ወይም ጀርም አይደለም። ፕሪዮን ይሉታል፤ ተጣሞ የተጣጠፈ ፕሮቲን ነው። ጠማማው አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ያጣምማል፣ ያ ደግሞ ሌላውን፣ እንዲህ እያለ አንጎሉ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ቀቅለሽ አትገድይውም፤ ሕይወት የሌለው ነገር ምኑ ይሞታል። ወደ ከብቱ የሚገባው በመኖ ነው፤ ወደ ሰው ደግሞ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በነካው ምግብ። ግን እጅግ ብርቅ ነው። ሐኪሞች ብርቅ ነገር ይወዳሉ።

እኛ ሥጋ እንደማንኛውም ሰው በልክ እንበላ ነበር። አንጎል ቤቴ አልገባም። የሚንገዳገድ ላም ላልሽው፣ ከብት በመኪና ሲጓዝ ይጎዳል፤ ይህ የተለመደ ነው።

ሐሳብ አይግባሽ። ሌላ ሐኪም አሳዪያት።

ወንድምሽ

ጥር 17

ጋሼ፣

ሌላ ሐኪም አሳየኋት። ሦስት ሆነው ተቀምጠው ነገሩኝ። የአንጎሏን ፎቶ አንስተዋል፤ ከጉሮሮዋም ቁራጭ ወስደው መርምረዋል። እሱ ነው። መድኃኒት የለውም። በመንካት፣ በመሳም፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፤ እቀፊያት አሉኝ። ይህን ለመናገር ሦስት ሐኪም አስፈለገ።

ደብዳቤህን አጠገቧ ሆኜ አነበብኩት። የሰማችኝ አልመሰለኝም ነበር። አንዳንድ ቀን የኔንም ስም ትረሳለች፤ የድሮው ግን እንደ መስታወት ይታያታል። "አጎቴ ተሳስቷል" አለችኝ። "እትዬ አንጎሉን በእንቁላል መትታ ትሰጠኝ ነበር። በጣም ነው የምወደው። ከዚያ አንድ ሳምንት አጎቴ ማምጣቱን ተወ። ምን አጥፍቼ ነው ብዬ አልቅሼ ነበር።"

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ለምን ተውክ?

የካቲት 3

እህቴ፣

ጥያቄሽ አንዲት መስመር ናት። መልሱ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ተከድኖ የቆየ ስለሆነ ታገሺኝ።

ድምቡሼ እኔ ዘንድ በከረመች በሁለተኛው ዓመት፣ ከአንድ ትልቅ የወተት እርባታ ያረጁ ላሞች ወደ ቄራው ይመጡ ነበር። የእርባታው ባለቤት ወተት ይጨምራል ብሎ የሥጋና የአጥንት ዱቄት ከመኖው ጋር ይቀላቅላል። ሣር የሚበላ እንስሳ የወገኑን አጥንት ይበላል ማለት ነው። ይህን አውቅ ነበር። ያኔ ክልክል አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዷ ላም ከመኪና ስትወርድ ማራገፊያው ላይ ቆመች። ወለሉ ላይ የሌለ ነገር እንደምትሻገር ሁሉ እግሯን ከፍ አድርጋ ታነሳለች። የበሩ ብረት ሲንኳኳ መላ አካላቷ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የኋላ እግሯ ከዳት። ሠራተኞቹ መኪናው ጎድቷት ነው አሉ። እኔ ግን ስለዚህ በሽታ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰርኩላር አንብቤ ነበር፤ የተጻፈው ሁሉ አንድ በአንድ ዓይኔ ፊት ቆሟል።

ለይቼ አቆምኳት። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ፤ በሩን ዘጋ፣ ውሃ ቀዳልኝ።

"ዶክተር፣ እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ የሚሆነው ላቦራቶሪ ነው" አልኩት።

"እንግዲያ እርግጠኛ አይደለህም። ለአንዲት ላም ብለህ የሦስት መቶ ቤተሰብ ጉሮሮ ልትዘጋ ነው? ናሙናውን ውሰድ። ይህ የሥጋ አቅርቦት ውል ይለቅና እንልከዋለን።"

መጥፎ ሰው አልነበረም። እኔም አልነበርኩም። ከአንጎሏ ሥር ቆርጬ በፎርማሊን ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩ፤ ቀኑንና የጆሮ ቁጥሯን ጻፍኩበት። መዝገቡ ላይ ግን "በጉዞ የደረሰ የእግር ጉዳት" ብዬ ፈረምኩ። ሥጋዋ ማህተም ተመትቶበት ወጣ። ውሉ አለቀ፣ ሌላ ውል ተጀመረ፣ ሥራ አስኪያጁ ተዛወረ። ብልቃጡን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አላነሳሁም። ከዚያ እርባታ በኋላም አራት ወይ አምስት እንደሷ የሚንቀጠቀጡ መጡ። አላየሁም ማለት እየቀለለኝ ሄደ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ለሠራተኛው ራስና ሆድ ዕቃ ይደርሰው ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ራስ ስከፍት ስለምውል አንጎል ያንገሸግሸኛል፤ ባለቤቴም አትወድም። የማመጣው ለድምቡሼ ብቻ ነበር። "አንጎል ለአንጎል ነው፣ ጎበዝ ተማሪ ትሆናለች" ትል ነበር ባለቤቴ። ልጅቷ ስትፋፋ አንቺም እጃችሁ ይባረክ ብለሽ ጻፍሽልን።

ያን ማክሰኞ ባዶ እጄን ገባሁ። ባለቤቴ "የልጅቷስ?" ስትለኝ "ደንቡ ተለውጧል" አልኳት። ድምቡሼ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። የማያውቅ ሰው አይተውም። በራሴ ማጀት ዘግቼ ለከተማው ክፍት ተውኩት። የራሴንም የዘጋሁት ከረፈደ ነው። በሽታው ሳይታይ ላሚቱ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፤ ከዚያች ላም በፊት ስንቷ ሳትንቀጠቀጥ አልፋ ይሆን? የትኛዋ እንደሆነች ማንም አያውቅም። በዚህ "ማንም አያውቅም" ተጠልዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው የኔ ዓይነቱ ነው።

አንጎል ቤቴ አልገባም ብዬ መጻፌ ውሸት ነው። ይቅርታ ለማለት እጄ አይዞርልኝም። ግን ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 5

እህቴ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። መልስ ፍለጋ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው።

ብልቃጡ እኔ ጋ ነበር። ጡረታ ስወጣ ከመጻሕፍቴ ጋር በካርቶን አምጥቼው አራት ዓመት ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ባለፈው ወር ይዤው ዋናው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሄድኩ። አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌው ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ማር መስሏቸው ከየት ነው አሉኝ። ተቀባዩዋ ወጣት ሐኪም ቀኑን አንብባ "ያኔ እኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ" አለችኝ። ከዚያ ወንበር ሰጠችኝ።

ውጤቱ ትናንት መጣ። አለበት።

ከእንግዲህ መርማሪዎች ይመጣሉ። ስሜም ይነሳል። አንቺን የሚያስጨንቅ ነገር ካለ ከእኔ ጋር ያለሽን ዝምድና አትናገሪ፤ አልቀየምም።

ወንድምሽ

ግንቦት 22

ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። ሁለቱን አልከፈትኳቸውም፤ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

አሁን የምጽፍልህ ስለ እኔና ስለ አንተ አይደለም። ድምቡሼ ሦስት ጊዜ ደም ለግሳለች። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ሲያዘጋጅ ከፊት የምትሰለፈው እሷ ነበረች። ይህ ነገር በደም ሊተላለፍ ስለሚችል የደም ባንኩ የወሰዱትን ሰዎች እየፈለገ ነው። አንደኛው ሽማግሌ በሌላ ሕመም አርፈዋል። ሁለተኛው አልተገኘም። ሦስተኛዋ በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ናት። ተገኝታለች። ልጇ ሦስት ዓመቱ ነው። ይይዛት አይይዛት ማንም ሊነግራት አይችልም፤ እንዲሁ ትጠብቃለች። ይህችን ሴት አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኛት ምን እንደምላት አላውቅም።

የልጄን ጉዳይ የያዘው ኮሚቴ ከአንተ የተፈረመ ቃል ይፈልጋል። የትኛው እርባታ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ሥጋው የት የት እንደተሸጠ። ይቅርታ መጠየቁን ተወውና የሚጠይቁህን መልስ።

እሷ ከእንግዲህ አትናገርም። ድንገት የበር ድምፅ ስትሰማ ትደነግጣለች። ያቺ ላም እንዴት እንደተንቀጠቀጠች የጻፍከውን ባላነበብኩት ይሻለኝ ነበር። አሁን ልጄ በደነገጠች ቁጥር ላሚቱ ትታየኛለች።

እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ልጇን ትታ የሄደች እናት ነኝ። ይህን ሳልረሳ ነው አንተን የምቆጣው።

ነሐሴ 20

እህቴ፣

እንዳዘዝሽኝ ይቅርታ አልጠይቅም። የተጠየቅሁትን መልሻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ አሥራ አንድ ገጽ ቃል ሰጠሁ፤ በእያንዳንዱ ገጽ ፈረምኩ። ሥራ አስኪያጁ ሞቷል። የእርባታው ባለቤት ግን አለ፤ አላውቀውም ብሏል፣ እኔን። ክስ ይኖራል ይላሉ። ጠበቃ አልያዝኩም።

ከተማው ውስጥ ወሬው እንደ ቋያ እሳት ነው። ዳቦ ቤት ስገባ ሰው ተራውን ትቶ ይወጣል። ግን የምጽፍልሽ ለዚህ አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ባለ መጋዙ ቤቴ መጣ። ምናልባት ታስታውሺው ይሆናል፤ የታረደውን ከብት በአከርካሪው ላይ ለሁለት የሚሰነጥቀው ረጅሙ ሰውዬ። እሱም እንደኔ ጆሮው ሄዷል። የዛሬ ሦስት ዓመት የሃያ አራት ዓመት ወንድ ልጁን ቀብሯል። ልጁ አበደ ነበር የተባለው። ሱሰኛ ነው ያለው አለ፣ የአባቱ ኃጢአት ነው ያለውም አለ። መጨረሻ ላይ ሰው እንዳያየው ክፍል ዘግተውበት ነበር።

ቆቡን አውልቆ ተቀመጠ።

"ልጄ በግድግዳ ተደግፎ ነበር የሚሄደው" አለኝ።

"አውቃለሁ" አልኩት።

"አልሰማሁህም።"

"አውቃለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

እንዲህ ነው የተነጋገርነው፤ ሁለት ደንቆሮዎች፣ መስኮቱ ክፍት፣ እየተጯጯህን። ስለ ላሚቱ ነገርኩት። ስለ ብልቃጡ። ሥጋዋን የሰነጠቀው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ማህተሙን የመታሁት ደግሞ እኔ መሆኔን። በሹክሹክታ እንኳ ያልተናገርኩትን ነገር መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኼ ተናገርኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደግሞ እፎይ እል ነበር።

እሱ ግን ወደ እኔ ዘንበል ብሎ "እንግዲያ ልጄ አላበደም ማለት ነው?" አለኝ።

"አላበደም። ታሞ ነው።"

"በደንብ በለው።"

"ልጅህ አላበደም! ታሞ ነው የሞተው!"

ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ወደ ውጭ እያየ አለቀሰ። ከዚያ ለልጁ እናት እንድነግራት ይዞኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት ቤተሰቦች መጥተዋል። ሁሉም የሚጠይቁኝ ያንኑ ነው።

እስከ ዛሬ የደበቅሁት የራሴን ጥፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ የነሱን ልጆች ስምም አብሬ ደብቄ ኖሬያለሁ።

ድምቡሼ ባትሰማም ንገሪያት። ምንም አላጠፋሽም በያት። ያን ሳምንት ያለቀሰችው ለካ ጥፋተኛ ነኝ ብላ ነው፤ ይህን እስክትጽፊልኝ አላውቅም ነበር።

ወንድምሽ

መስከረም 16

ጋሼ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ ነሐሴ 28 ነው። ድምቡሼ ያረፈችው ነሐሴ 14 ቀን፣ ከምሳ በኋላ ነው። ስትጽፍልኝ ከሞተች ስድስት ቀኗ ነበር።

አልነገርኩህም። ልነግርህ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ እንዳትመጣ ብዬ ነው። ሰው "አጎቷ የለም ወይ?" ሲለኝ "ታሟል" አልኩ። ያሳደግካትን ልጅ እንዳትቀብር ከለከልኩህ። ያን ቀን ትክክል መስሎኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። እኔም የምደብቅ ሆንኩ፤ ለካ አስቸጋሪ አይደለም፣ ዝም ማለት ብቻ ነው።

ስትሞት እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ መንቀጥቀጡ ተዋት። ሐኪሟ አንጎሏን ለምርመራ እንድፈቅድ ጠየቀችኝ። ፈረምኩ። አንተ ያልላክኸውን እኔ ላክሁት ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ለማቁሰል። ትቼዋለሁ። ውጤቱም እንደተባለው ነው።

መልእክትህን መቃብሯ ጋ ሄጄ አነበብኩላት። ሰው ምን ይላል ብዬ በቀስታ ጀመርኩ፣ በኋላ ግድ አልሰጠኝም። ያልከፈትኳቸውንም ሁለት ደብዳቤዎች ከፍቻቸዋለሁ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ መዋሸት አልፈልግም። አንዳንድ ጠዋት ስነሳ እጠላሃለሁ፤ ፊቴን ስታጠብ ደግሞ ብቸኛ ወንድሜ መሆንህ ትዝ ይለኛል። ምናልባት እንዲህ እየሆንኩ ልኖር ነው። ባለ መጋዙ ምን እንዳለህ የጻፍከውን ግን ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሂድና ሌሎቹንም ቤተሰቦች ፈልጋቸው፤ እስኪመጡ አትጠብቅ።

ከዚያ በፊት ግን እኔ ጋ ና። ሐኪሞቹ ሲጠይቁኝ አንድ ነገር ገባኝ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ምን ትጫወት ነበር? ማንን ትፈራ ነበር? የወተት ጥርሷ የወደቀው የት ነው? ማንበብ የጀመረችው ከየትኛው መጽሐፍ ነው? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ባለቤትህ ሞታለች። እነዚያን ሁለት ዓመታት የሚያውቃቸው ከአንተ በቀር በምድር ላይ ማንም የለም።

መጥተህ ንገረኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ፣ ምንም ሳታስቀር።

እህትህ